ጉልላቱን አልስልም ላለችው

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የሥራ ባልደረቦቿ፤ በዕድሜ የምትበልጡኝ አባቶችና እናቶች፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ልትሸኟት የመጣችሁ ሁሉ። ፀሐዩ እንደከበዳችሁ ይታየኛል። አላስረዝምም ብዬ ብጀምር ደስ ባላችሁ ነበር። ግን ውሸት ይሆናል፤ በእሷ ፊት ደግሞ ዛሬም አልደፍርም። ትንሽ አስረዝማለሁ። ታገሡኝ።

የማያውቀኝ ካለ፣ እኔ የቅርስ ጥበቃ ቢሮው የቀድሞ ኃላፊ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ከእሷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርተናል። ልጇ "በሥራ በኩል ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለምና እርስዎ ይናገሩልን" ስትለኝ እሺ አልኩ። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ምን እንደምናገር ማሰቡ ነው የከበደኝ።

ስሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ግን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሚሊሜትር ነበር የምንላት። "ሚሊሜትር አይታዋለች?" ከተባለና "አይታዋለች" የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ያ ነገር አበቃ ማለት ነው።

ባለቤቷ እዚህ አለ። ይቅር ይበለኝና ቀልዱን ልስረቅበት። "ከመጋባታችን በፊት ለክታኛለች" ይለን ነበር። "ሁለት ሴንቲሜትር አነስኩባት። የሚፈቀድ ስህተት ነው ብላ ተቀበለችኝ።" አንድ ጊዜ የግቢያቸውን የብረት በር ሊገጥም የመጣ በያጅ ነበር። በሩን ገጠመ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ አማረለት። እሷ ቱንቢዋን አምጥታ አንጠለጠለችና አራት ሚሊሜትር ያዘነብላል አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሳይጠራ ተመልሶ መጣ። በሩ እንደሁ በደንብ ይዘጋ ነበር። ሰውየው ነው አላስችል ብሎት የመጣው። እንዲህ ነበረች። ነገሩን አንዴ ካሳየችህ በኋላ አላየሁም ማለት አትችልም።

ስትቀጠር በእጇ የነበረው ሜትር፣ ቱንቢና እርሳስ ነው። መሰላል ላይ ወጥታ፣ አንድ በአንድ ለክታ፣ ወረቀት ላይ ታሰፍር ነበር። ከዚያ ሌዘር ስካነሩ መጣ። ባለ ሦስት እግር ማሽን ነው፤ ራሱን እያዞረ ግድግዳውን በብርሃን ይለካል። እኛ በወር የማንጨርሰውን በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ብዙዎቻችን ይህ ለወጣቶቹ ነው ብለን ተውነው። እሷ ደብተር ገዝታ ሥልጠናው ላይ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

የአሮጌው ውሃ ቤት ዘበኛ፣ እሱም እዚህ ቆሟል፣ ማሽኑን መጀመሪያ ሲያየው ተጠራጥሮ ልብስ አሳልፎ ያይ እንደሆነ ጠይቋት ነበር። እሷም "ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማየት ምን ያደርግልኛል፤ እኔ የምፈልገው ተደግፈው የሚያንቀላፉበትን ግድግዳ ነው" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ።

ከማሽኑ ልኬት የሚሠራው ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ሥዕል ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን "ፎቶ መልክ ነው፤ ይሄ የሕመምተኛ ካርድ ነው" ትል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ህንፃው ሙሉ ለሙሉ ይቆማል። አንዱን ድንጋይ ስትነካው ታሪኩን ያወጣልሃል። ስፋቱ ስንት ነው፤ ስንጥቁ መቼ ታየ፤ ማን ጠገነው፤ በምን ጠገነው። ከእያንዳንዱ መረጃ አጠገብ ደግሞ እንዴት እንደታወቀ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሥልጠናው ላይ የተሰጡት ቃላት ሦስት ነበሩ፤ ለክቻለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ እገምታለሁ። እሷ ከራሷ አራተኛ ጨመረችበት። አላውቅም።

አላውቅም። እስቲ እናንተ፣ ቢሮ የምትሠሩ፣ ቤት የምታስተዳድሩ፣ ልጅ የምታሳድጉ፤ ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ያላችሁት መቼ ነው? በበላይ ፊትስ ብላችሁት ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ውሃ ቤቱ ልምጣ። ከገበያው ጀርባ ያለው የድንጋይ ህንፃ ነው። ከሥሩ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ ከላዩ ባለ ቅስቱ አዳራሽ። ጣሪያው መቼ እንደወደቀ የሚያስታውስ ሰው የለም። ጉልላት፣ እንደ ቆብ የተደፋ ክብ ጣሪያ፣ እንደነበረው ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የከተማው አርማ ላይ ጉልላት አለ። የደብተር ሽፋን ላይ አለ። የብስኩት ካርቶን ላይ ሳይቀር አለ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ህንፃው ይታደስ፣ ጉልላቱም ይመለስ ተባለ። በቅድሚያ ሞዴሉ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሥራው ለእሷ ተሰጠ።

ሰባት ወር ለካች። አንድ ቀን ጨርሻለሁ ብላ ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ ውሃ ቤቱ ቆሟል፤ የተሸረሸረው ደረጃ እንኳ አልቀረም። ከግድግዳው በላይ ግን ባዶ ነው። ጉልላቱስ ብዬ ጠየቅኋት። ባዶውን ቦታ ነካችው። "የጣሪያው ዓይነት፤ አላውቅም" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጉልላት ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ግድግዳ ሰባ ሴንቲሜትር ነው፤ ከውጭ የሚደግፈው ነገር የለም። ደግሞም ከውስጥ፣ ከላይ ጫፉ ላይ፣ አሥራ አራት ቀዳዳዎች አሉ። ሰው ሁሉ የርግብ ቤት ይላቸዋል። እሷ እነሱም ላይ አላውቅም ብላ ጽፋለች።

እኔ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አንቺ እንዴት አላውቅም ትያለሽ አልኳት። አርማውን አሳየኋት። የበላይ ሰዎች እየጠበቁን እንደሆነ ነገርኳት። ሁሉንም ሰምታ ከጨረሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ።

"ከተማው ያውቅ ይሆናል ጌታዬ። ግድግዳው ግን አያውቅም።"

ግትር እንዳትመስላችሁ። መውጫም ሰጥታኝ ነበር። ጉልላቱን በሌላ ቀለም ልሥራውና "ግምት" ብዬ ልጻፍበት አለችኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በትልቁ ስክሪን ላይ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ግምት የሚል ቃል እንዲነበብ አልፈለግኩም። "እንግዲያው በእኔ ስም አይገባም" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

በሳምንቱ ወደ መዝገብ ክፍል ተዛወረች። ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል። የፈረምኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አንዲት መስኮት አለችው፤ በእሷ በኩል የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። አሥራ አራት ወር እዚያ ተቀመጠች። ጉልላቱን ሌላ ባልደረባ ሠራው። በአንድ ከሰዓት በኋላ። ሰባት ወር በተለካ ግድግዳ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉልላት ተቀመጠበት። በምረቃው ቀን ስክሪኑ ላይ ሲሽከረከር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ግንባታው ተጀመረ። ለጉልላቱ መቀመጫ የሚሆን ኮንክሪት በግድግዳው ጫፍ ዙሪያ መሞላት ጀመረ። አንድ ቀን ዘበኛው የምዕራቡ ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ አየ። ያን ቀን ጥፍሩ ብቻ ነበር የሚገባበት፤ በሳምንቱ የጣቱ ጫፍ ገባ። ለማን ይንገር? ለተቋራጩ ነገረ፤ የልስን ነው አሉት። ወደ እኔ ለመምጣት ፈራ። ምድር ቤት ወረደና ለእሷ ነገራት።

እሷ ምን አደረገች? የምትሠራበት ቢሮ አላመናትም ነበር። ምን አገባኝ ብትል ማን ይወቅሳት ነበር? በምሳ ሰዓቷ ማሽኑን ተሸክማ ሄደች። ለካች። ከመጀመሪያው ሞዴሏ ጋር አስተያየችው። በሚቀጥለው ዓርብ ደግማ ሄደች። በሦስተኛው ዓርብም ሄደች። ማንም አላዘዛትም። ማንም አላወቀም።

በሦስተኛው ዓርብ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳታንኳኳ የገባችው ያን ቀን ብቻ ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። አንዲት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ሦስት ቁጥር ተጽፎባታል።

"ስድስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር። ግድግዳው ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ሰዎቹን ያውርዷቸው።"

ይወድቃል ብለሽ እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት። ስብሰባው ሁሉ ያያታል። አዎ ብትለኝና ባይወድቅ መሳቂያ ትሆናለች። አይ ብትለኝ ደግሞ እኔ እገላገላለሁ።

"መውደቁን አላውቅም" አለች። "መሄዱን ግን አውቃለሁ።"

ስልኩን አነሣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ፊቷን አይቼ ነው። ሃያ ሁለት ሠራተኞች ከመወጣጫው ወረዱ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ተቋራጩም ስልክ ላይ ጮኸብኝ። በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የምዕራቡ ግድግዳ ግማሹ ከነመወጣጫው ወረደ። አራት ሰዓት ማለት ሁሉም ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ከሥሩ አንድም ሰው አልነበረም።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ዛሬ በዚህች ከተማ ማታ ቤታቸው የሚገቡ ሃያ ሁለት ሰዎች አሉ። ምናልባት ከመካከላችሁ የቆመ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ተመልሶ ቆመ። እንዴት? የወደቀው እያንዳንዱ ድንጋይ ሞዴሏ ውስጥ ቁጥር ነበረው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ ከፍርስራሹ ተለቅሞ፣ ተለክቶ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር እየተመሳከረ ወደ ቦታው ገባ። ባለጉልላቱ ሞዴል ለዚህ አልጠቀመም። የጠቀመው ባዶው ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ ድንጋዮቹን ስታመሳክር ዘበኛው ከኋላዋ ቆሞ ያያል። ይህ ሰው ዘበኛ ከመሆኑ በፊት አናጺ ነበር፤ ሁለት ጣቱን መጋዝ ወስዶበት ነው ሙያውን የተወው። ቀዳዳዎቹን ከታች ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ አይቷቸዋል፤ ጨለማ ናቸው፣ ከፍ ያሉ ናቸው፣ የርግብ ቤት ናቸው። ስክሪኑ ላይ ግን ሞዴሉን ስታዞረው ሁለቱን ግድግዳ ባንድ ጊዜ አያቸው። ሰባት እዚህ፣ ሰባት እዚያ፣ ፊት ለፊት።

"እትዬ፣ ርግብ ፊት ለፊት ለክታ አትሠራም" አላት። "ይሄ የወራጅ አፍ ነው፤ የጣሪያ አግዳሚ የሚገባበት። ጣሪያው እንጨት ነበር።"

እሷ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። አልተከራከረችም፤ አላቀፈችውም። ቁጭ ብላ አላውቅም የሚለውን ሰርዛ "ሰምቻለሁ፤ ከአናጺው" ብላ ጻፈች። ዘበኛው አላለችም። አናጺው ነው ያለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፍርስራሹ ውስጥ ከአንዱ ቀዳዳ ሳይወጣ የቀረ፣ ጫፉ የከሰለ የወራጅ ጉማጅ ተገኘ። ያን ጊዜ "ለክቻለሁ" ብላ ቀየረችው። ዛሬ ውሃ ቤቱ ላይ ያለው የእንጨት ጣሪያ እንዲህ መጣ። አርማው ላይ ጉልላቱ አሁንም አለ። ማኅተም ማስቀየር ግድግዳ ከማቆም ይከብዳል መሰለኝ።

አሁን የከበደኝ ቦታ ደረስኩ።

ግድግዳው በወደቀ በሁለተኛው ወር ሽልማት ተዘጋጀ። "ወቅታዊ ውሳኔ በመስጠት የሰው ሕይወት ላተረፉ" ይላል ወረቀቱ። ስሙ የእኔ ነው። መድረክ ላይ ወጣሁ። ንግግርም አደረግሁ። በንግግሬ ውስጥ "ባለሙያዎቻችን" አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ባለሙያዎቻችን። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አየኋት። ታጨበጭባለች። ከዚያ ከምድር ቤት ወደ ላይ መለስኳት፤ በደብዳቤ። ደብዳቤውም "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። አብረን ብዙ ዓመት ሠራን፤ ጥሩ ሠራን፤ ነገሩ በመካከላችን እንደ ዕቃ ተቀምጦ ዙሪያውን እየዞርን አለፍነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ሄድኩ። ልነግራት ቆርጬ ነበር የሄድኩት። መኪና ውስጥ ተለማመድኩት። ስገባ ትራሷን ከፍ አስደርጋ ተቀምጣለች፤ እጇ ቀጥኗል። ገና ወንበሩን ሳልስብ፣ የሰሜኑ ግድግዳ በዚህ ወር ተለክቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ከየት አውቃለሁ? ድሮ ቢሆን ተለክቷል እላት ነበር።

"አላውቅም" አልኳት።

ሳቀች። ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችና "አየህ፣ አያምም" አለችኝ።

አየህ አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እርስዎ ስትለኝ የኖረች ሴት አንተ አለችኝ። እንደ ወንድም። የተለማመድኩትን ንግግር ሳልነግራት ወጣሁ። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ውሃ ቤቱ ሄድኩ። የቢሮው ወጣቶች ማሽኑን አወጡልኝ፤ ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ፤ ለካን። አልተንቀሳቀሰም። ደውዬ ነገርኳት። "እንግዲያው ልተኛ" አለችኝ።

በዚህ ላበቃ ነበር። ግን ከትናንት በስቲያ ለቅሶ ቤት ልጇ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እናቷ መዝገብ ክፍል በሠራችበት ጊዜ እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እንዲህ አለችኝ፤ "ያን ጊዜ ስላደረጉላት ነገር ሳላመሰግንዎ እንዳልቀር። እናቴ ደክሟት ጸጥ ያለ ቦታ ስትጠይቅ እሺ ብለው ሰጥተዋት ነበር። ሁልጊዜ ታነሣዎታለች።"

ሰማችሁ? በገዛ ቤቷ፣ በልጇ ፊት፣ ለእኔ ሽፋን ሆናኝ ነበር። የማታውቀውን በወረቀት ላይ አላውቅም የምትል ሴት፣ በዕድሜዋ የዋሸችው አንዲት ውሸት ለእኔ ነው።

ልጄ፣ ስሚኝ። እናትሽ ጸጥ ያለ ቦታ አልጠየቀችም። እኔ ነኝ ያወረድኳት። ያወረድኳትም ትክክል ስለነበረች ነው። ሃያ ሁለቱን ሰዎች ያተረፈች እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምናገረው አንቺ ብቻ ሰምተሽ እንዳትቀሪ ነው። ቅር ብትይኝ መብትሽ ነው። ዝም ብትይኝም መብትሽ ነው።

ትናንት ቢሮ ሄጄ ነበር። ሞዴሉ ውስጥ፣ በምዕራቡ ግድግዳ መዝገብ ላይ፣ አደጋውን ያወቀውና ሥራውን ያስቆመው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የእኔ ስም ነበር ያለው። እንዲታረም በጽሑፍ ጠየቅሁ። ወጣቶቹ ምክንያቱን ይጻፉልን አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ገጽ ተኩል ሆነ። አነበቡት፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ አረሙት።

አንቺ እህቴ። አሁን ለአንቺ ነው።

ይቅር በይኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አርፍጃለሁ፤ ለሚሊሜትር የምትጨነቂው ሴት ይህን ያህል ስህተት እንዴት እንደቻልሽው አልገባኝም። ከእኔ ስም በታች አጎንብሰሽ ሠራሽ፤ አንድም ቀን አላሳጣሽኝም። ባለቤትሽ እዚህ ነው፣ ቆሟል። ልጅሽ ቆማለች። ያስተማርሻቸው ወጣቶች ከኋላ ናቸው፤ ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ ከሥራ መጥተዋል። ማንም አልቀረብሽም።

በይ እንግዲህ፣ በሰላም ሂጂ። ብዙ ቆመሻል። መሬቷ ትመችሽ።